ጉልቻ የሆነው ኮከብ፦ የጅማ ልዕለ ኃያል እንዴት ይፈጠራል?

ከጠፈር የወደቀ ጨረር አመንጪ ድንጋይ ተራ ሰውን ልዕለ ኃያል የሚያደርግበትን ታሪክ ለመጻፍ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከድንጋዩ ይጀምራል። ቀለሙ አረንጓዴ ይሁን ወይስ ሐምራዊ? ከየትኛው ፕላኔት መጣ? ሌሊት ያበራል? እንዲህ እያለ ገጹን ይጨርሳል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ድንጋዩን ለጊዜው እርሱትና ሰው ፈልጉ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባል የለ? እዚህም ያው ነው።

ታሪኩን ጅማ ላይ እናድርገው።

አንደኛ፦ እጁ የሰላ ሰው ምረጡ

«ተራ ሰው» ሲባል ምንም የማይችል ሰው ማለት አይደለም። አንድ ነገር ላይ ማንም የማይደርስበት፣ ግን ማንም ልብ ያላለው ሰው ይሁን።

ለምሳሌ ዘይነባ እንበላት። ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ለቃሚ ናት። ሰፌዷ ላይ ፍሬው ይፈሳል። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የነካውን ወደ አንድ ጥግ ትገፋለች። ከጎኗ ካለችው ሴት ጋር ስለ ቤት ኪራይ እያወራች፣ እየሳቀች፣ አንዳንዴም እያንጎላጀች። ጣቷ ግን አይሳሳትም። አንዷ ነቀዝ የበሳቻት ፍሬ ከመቶ ደህና ፍሬ ሥር ብትደበቅ እንኳ ታገኛታለች።

አሁን ኃይሏን ለመገመት ብዙ አትቸገሩም። ድንጋዩ ያልነበራትን ነገር አይሰጣትም፤ ያላትን ያገዝፈዋል። ዘይነባ የሁሉን ነገር ጉድለት ማየት ትጀምራለች። ሊበጠስ የደረሰውን የባጃጅ ፍሬን ታያለች። ግድግዳ ውስጥ የተደበቀውን ስንጥቅ ታያለች። መብረርን ተዉት፤ ለመብረር አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ አለ።

ሁለተኛ፦ እውነቱን እወቁ፣ ከዚያ አንዴ ብቻ ዋሹ

እውነቱ ለጸሐፊ ደስ አይልም። ተራ የጠፈር ድንጋይ ውስጥ ያለው ዩራኒየም ግራናይት ውስጥ ካለው እጅግ ያነሰ ነው። ጠፈር ላይ ሳለ ጨረር ስለሚደበድበው ጥቂት ጨረር አመንጪ አቶሞች ይፈጠሩበታል፤ መጠናቸው ግን ኢምንት ነው። ኪሳችሁ ከታችሁት ብትዞሩ ጨረሩ ምንም አያደርጋችሁም፤ ኪሳችሁ ይቀደድ ይሆናል እንጂ።

ኃይለኛ ጨረር ደግሞ ጉልበት አይሰጥም። አቶሞችን ኤሌክትሮን እያሳጣ ዲኤንኤን ይበጣጥሳል። ሕዋሱ ወይ ይጠገናል፣ ወይ ይሞታል፣ ወይ በስህተት ተጠግኖ ቆይቶ ካንሰር ይሆናል። ኸርማን ሙለር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 የፍራፍሬ ዝንቦችን በኤክስሬይ መትቶ ዘረመላቸው እንደሚለወጥ አሳየ። በ1946 ኖቤል ተሸለመበት። ከለውጦቹ አብዛኞቹ ግን ጎጂ ነበሩ። ከዝንብ ልዕለ ኃያል አልወጣም።

ታዲያ ጸሐፊዎች ለምን ጨረርን ወደዱት? ጊዜው ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ሂሮሺማ ላይ የአቶም ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጨረር የማይታይ፣ የማይሸተት፣ ሁሉን የሚችል ነገር መሰለ። ስፓይደርማን እ.ኤ.አ. በ1962 ሲፈጠር የነከሰችው ሸረሪት ጨረር የነካት ነበረች። በ2002ቱ ፊልም ሸረሪቷ በዘረመል ምህንድስና የተለወጠች ሆነች። ሰው የሚፈራው ነገር ሲቀየር ሸረሪቷም ተቀየረች ማለት ነው።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። አንድ ውሸት ፍቀዱ፦ ድንጋዩ ውስጥ ምድር ላይ የሌለ ነገር አለ፣ ጨረሩም ከመስበር ይልቅ ያገዝፋል። ዩራኒየም አትበሉት፤ አንባቢ ያውቀዋል፣ ያፋጥጣችኋል። ከዚህች አንድ ውሸት ውጭ ያለው ሁሉ እውነት ይሁን። ሁለተኛ ውሸት ከጨመራችሁ አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ ይነሳል።

ሦስተኛ፦ ድንጋዩን ጣሉት

አወዳደቁ ላይ እውነታው ከልብ ወለዱ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 ሩሲያ ውስጥ ቼልያቢንስክ ከተማ አቅራቢያ 20 ሜትር ገደማ የሚሆን ድንጋይ ሰማይ ላይ ፈነዳ። መጀመሪያ ብርሃን ታየ። ሰው ምን ጉድ ነው ብሎ ወደ መስኮት ሄደ። ከደቂቃ በላይ ቆይቶ የፍንዳታው ግፊት ደረሰና መስኮቱን ሁሉ አረገፈው። ከ1,000 በላይ ሰው ተጎዳ፤ ብዙው በመስታወት ስብርባሪ።

ይህን ወደ ጅማ አምጡት። ሌሊት ነው፣ ዝናብ ሊጥል ነው፣ መብራት ጠፍቷል። ድንገት ሰፈሩ ቀን ይመስላል። ልጆች ከየቤቱ «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ። መብራት የመጣ መስሏቸው ነው። ወዲያው መልሶ ይጨልማል። ቆየት ብሎ ድምፁ ሲመጣ ትልልቆቹ መብረቅ ነው ብለው ይተኛሉ። ጅማ ላይ ነጎድጓድ ማንን ያስገርማል? ስለዚህ ድንጋዩን የሚፈልግ ሰው የለም። ለታሪኩ የምትፈልጉትም ይኸንኑ ነው።

ድንጋዩ ራሱ ትንሽ ይሁን። ከላይ ቀጭን ጥቁር ቅርፊት አለው፣ ብረት ስላለበት ለመጠኑ ይከብዳል፣ ማግኔት ይስበዋል። እየነደደ አይቀመጥም፤ ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ሲያርፉ እጅ አያቃጥሉም። ሰው ላይም አትጣሉት። እ.ኤ.አ. በ1954 አላባማ ውስጥ ሶፋ ላይ የተኛች ሴት ጣሪያ በስቶ የገባ ድንጋይ መቷት ነበር። ያገኘችው ነገር ቢኖር ሰፊ የበለዘ ቦታ ነው።

አራተኛ፦ ቀስ ብሎ ይግባባት

አንዴ ነክታው ወዲያው ኃያል ብትሆን ይሰለቻል። ከቤቷ ኑሮ ጋር አገናኙት። ዘይነባ ከሦስቱ ጉልቻዎቿ አንዱ ተሰንጥቋል። ቦዬ ረግረግ ዳር ስታልፍ ጥቁር፣ ከባድ፣ ለእጅ የሚመች ድንጋይ ታያለች። ይዛው ትመጣለች። ከዚያ በኋላ እሳት በነደደ ቁጥር ድንጋዩ ይሞቃል፣ ጀበናውም እላዩ ይፈላል።

ኃይሉን በቡናው ልክ አምጡት። አቦል ሲጠጣ ምንም የለም። ቶና ላይ የስኒዋን ስንጥቅ ታያለች፤ ከትናንት ወዲያ ያልነበረ ስንጥቅ። በረካ ላይ ስንጥቁ ገና እንዳልተሰነጠቀ ይገባታል። ነገ የሚሰበርበትን መስመር ነው ያየችው። በማግስቱ ስኒው እዚያው መስመር ላይ ለሁለት ይከፈላል። ይህን ትዕይንት አታሳጥሩት። ስኒውን አዙራ ታየው፣ በጣቷ ትዳስሰው፣ ለስላሳ ይሁንባት።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ቡናውን ጎረቤትም ጠጥቷል፣ ለምን እሷ ብቻ? መልሱ «እሷ ብቻ አይደለችም» ነው። ወሬ የምትወደው ጎረቤት ሦስት አጥር ተሻግሮ የሚንሾካሾከውን ትሰማለች። የማይከፍል ተበዳሪውን በዓይኑ የሚያድነው ባለሱቅ ከሕዝብ መሃል የማንንም ጠረን ይለያል። ሁሉም የሆነውን ነው የሚሆነው፣ በትልቁ። ከነዚህ አንዱ ክፉ ጠላት ይሆናችኋል፤ ከሌላ ፕላኔት ማስመጣት አያስፈልግም።

አምስተኛ፦ ዋጋውን አስከፍሏት

ዋጋ የሌለው ኃይል ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ ታሪክ አይሆንም። ዘይነባ ማየቱን ማቆም አትችልም። ልጇን ስታቅፈው አጥንቱ ውስጥ የሚሰበረው ቦታ ይታያታል። ኳስ እንዳይጫወት ትከለክለዋለች፣ ምክንያቱን መናገር አትችልም። ልጁ እናቱን መጥላት ይጀምራል።

ድካሟን ደግሞ ከኃይሏ አውጡት። ሱፐርማንን የሚያደክመው ክሪፕቶናይት የተሰማው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1943 በሬዲዮ ድራማ ላይ ነበር። ከራሱ ከትውልድ ፕላኔቱ የመጣ ድንጋይ መሆኑ ነው ያኖረው። የዘይነባም እንዲሁ ይሁን፤ ጉድለት የሌለበት ነገር ፊት ስትቆም ዓይኗ ይጨልም።

ስድስተኛ፦ ሌሎቹ ይምጡ፣ ግን በቅደም ተከተል

ከሳይንቲስት በፊት ደላላ ይደርሳል። ይህን አትርሱ። «ድንጋዩ የስንት ነው?» ብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው ከማንም ወታደር ይበልጥ ያስፈራል፤ መልሱን እሱም አያውቀውምና። ዩኒቨርሲቲው ዘግይቶ ይምጣ። ናሙና ለመውሰድ ድንጋዩን ቢሰብሩት ግን ጥሩ ነው፦ አሁን ሁለት ድንጋይ አላችሁ፣ አንዱ ጠፍቷል፣ ለሁለተኛ ክፍል የሚሆን ነገር ተገኘ።

ስትጽፉ ግን በሰማዩ ብርሃን አትጀምሩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰፌድ፣ ፍሬና የማይሳሳት ጣት ብቻ ይኑር። ድንጋዩ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቢወድቅ ይደርሳል።