ዓይናችሁ የት ነው? አዲስ የዋናና የመስክ እንቅስቃሴ አስተማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ማስተማር ለመማር ወደ እኔ የሚመጡት ሰልጣኞች ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው። ይዋኛሉ፣ ታንኳ ይቀዝፋሉ፣ ተራራ ይወጣሉ። አሁን ደግሞ የሚወዱትን ነገር ለሌላ ሰው ማሳየት ይፈልጋሉ። ይህ ደስ ይለኛል። ግን ዋናተኛ መሆንና ዋና ማስተማር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ዋናተኛ ስለ ራሱ ክንድና እግር ያስባል። አስተማሪ ግን ራሱን ረስቶ ሌላውን ማየት አለበት። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ካለመልመድ ነው።

ለተማሪ ጀርባ መስጠት

ስለዚህኛው ረጋ ብዬ መጻፍ ይከብደኛል። በቅርቡ አንድ ሰልጣኝ ስድስት ልጆች ይዞ ገንዳ ገባ። አንዱን በደረቱ አስተኝቶ እግር መምታት ያስተምራል። አምስቱ ከኋላው የገንዳውን ጠርዝ ይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አስተማመሩ ጥሩ ነበር። ለልጁ ይታገሳል፣ ያበረታታዋል። አምስቱን ግን አንዴም ዞር ብሎ አላያቸውም። አንዷ ልጅ ጠርዙን ለቀቀች። በእግር ጣቷ እየነጠረች ወደ ጥልቁ መሄድ ጀመረች። ውሃው አገጯ ጋ ሲደርስ ገብቼ አወጣኋት። በኋላ ስጠይቀው፣ "ብትቸገር ትጮሃለች ብዬ ነው" አለኝ።

አትጮህም! ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም። የሚሰምጥ ሰው አይጮህም፣ እጁን አያውለበልብም። ፍራንቼስኮ ፒያ የሚባል አሜሪካዊ የነፍስ አድን ባለሙያ ይህን በዝርዝር አጥንቶ ጽፏል። ሰው መናገር የሚችለው ከተነፈሰ በኋላ ነው። የሚሰምጠው ሰው አፉ ከውሃ በላይ የሚቆየው ለቅጽበት ስለሆነ ለመተንፈስ እንጂ ለመጮህ ጊዜ የለውም። እጆቹ ደግሞ ወደ ጎን ተዘርግተው ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ። ላንሳቸው ቢል እንኳ አይችልም። እንዲህ ሆኖ ላይ የሚቆየው ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ብቻ ነው። ከሩቅ ላየው ሰው የሚጫወት ይመስላል። አባቶቻችን "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ" ያሉት እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ አቋቋማችሁን አስተካክሉ። ልጆቹ ጠርዙ ላይ ይቀመጡ። እናንተ ውሃ ውስጥ ሆናችሁ ፊታችሁን ወደ እነሱ አዙሩ። አንዱን ይዛችሁ ስትሄዱ ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ ሳቡት። ያኔ ከልጁ ጭንቅላት በላይ ሌሎቹ ሁሉ ይታዩአችኋል። በየጥቂት ሰከንዱ ቀና በሉና ቁጠሩ። ስድስት። ስድስት። ስድስት። ዳር ላይ ቆሞ የሚረዳችሁ ሰው ቢኖርም ቁጠሩ። እሱ እናንተ እያያችሁ ነው ብሎ፣ እናንተም እሱ እያየ ነው ብላችሁ ልጅ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

ስልክ ይዞ ውሃ ዳር ስለመቆም ምንም አልልም። ከሥልጠና አስወጣለሁ።

ንግግር ማብዛት

ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ አንድ ቡድን ሐይቅ ዳር አቁሜ ስለ ቀዘፋ 20 ደቂቃ ያህል አወራሁ። ቀደም ብለው ውሃ ገብተው ስለነበር ልብሳቸው ረጥቧል፣ ነፋስም ነበር። ከንፈራቸው ሲጠቁር ያየሁት ንግግሬን ስጨርስ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ገደማ በፍጥነት ይወስዳል። የረጠበ ልብስ ላይ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ቆሞ መስማት ራሱ ቅጣት ነው። የበረደው ሰው አይማርም። አሁን ከመግባታቸው በፊት ሦስት ነገር ብቻ እናገራለሁ፦ የት ድረስ እንደሚሄዱ፣ ፊሽካ ሲሰሙ ምን እንደሚያደርጉ፣ ከማን ጋር እንደሚጣመሩ። ሌላውን እየሠሩ ይማሩታል። ስታሳዩ ደግሞ አንዴ ዝም ብላችሁ አሳዩ። እያያችሁና እየሰማችሁ አዲስ ነገር መያዝ ለእናንተም ከባድ እንደነበር አስታውሱ።

ስትናገሩ ፀሐይ የእናንተን ፊት ትምታ እንጂ የተማሪዎቹን ዓይን አትውጋ።

ትንፋሽ የመያዝ ውድድር

"ማን ብዙ ይቆያል" ብለው ልጆች ሲጠልቁ ሰዓት የሚይዝላቸው አስተማሪ አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። "ተንፍስ፣ ተንፍስ" የሚለንን ስሜት በዋናነት የሚያመጣው የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት ነው። ከመጥለቁ በፊት ቶሎ ቶሎ በረጅሙ የሚተነፍስ ልጅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያራግፋል። ከዚያ ኦክስጅኑ ሲያልቅ የሚያስጠነቅቀው ነገር የለም። እዚያው ውሃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ጎበዝ ዋናተኞችም እንዲህ ሞተዋል።

ነፋስን አለመጠየቅ

ዳር ላይ ውሃው ጸጥ ያለ መስሎ ከታየ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ተመልከቱ። ከየብስ ወደ ውሃ የሚነፍስ ከሆነ ዳሩ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው። ሞገዱ ያለው ራቅ ብሎ ነው። ጀማሪ በነፋስ እየተገፋ በደስታ ይሄዳል፣ መመለስ ግን ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1993 እንግሊዝ ውስጥ ላይም ቤይ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ከሁለት አስተማሪዎች ጋር በካያክ (በጠባብ ቀላል ታንኳ) የወጡ ተማሪዎች ወደ ባሕሩ ተገፉ። የድረሱልን ጥሪው ዘገየ። አራት ወጣቶች ሞቱ። በ1995 እንዲህ ያሉ ማዕከላት ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ ሄዳችሁ ትመለሱ ይሆናል። ጥያቄው በቡድኑ ውስጥ በጣም የደከመው ሰው ይመለሳል ወይ ነው። ከቻላችሁ ስትሄዱ ነፋሱን ተጋፍታችሁ ሂዱ፣ ስትመለሱ ይግፋችሁ። መቼ እንደምትመለሱም ዳር ላይ ለሚቀር ሰው ንገሩ።

የላላ ላይፍ ጃኬት

ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ወደ ጆሮው ከወጣ ላልቷል። ክንድ ላይ የሚደረገው በአየር የሚነፋው ነገር ደግሞ መጫወቻ ነው፣ ሕይወት አያድንም።

የመጨረሻውን ሰው መርሳት

በእግር ጉዞ ላይ የማየው ይህን ነው። መሪው ፊት ፊት ይሄዳል፣ ጉብታ ላይ ደርሶ ያርፋል። የመጨረሻው ሰው እያለከለከ ሲደርስ፣ "በሉ እንሂድ!" ይላል። ማረፍ የሚያስፈልገው እሱ ብቻ ሳያርፍ ይቀራል። ቀርፋፋውን ከኋላችሁ ሁለተኛ አድርጉትና በእሱ እርምጃ ሂዱ። ሰዓት ስታሰሉ ናይስሚዝ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣውን ስሌት መነሻ ማድረግ ይቻላል፦ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ 1 ተጨማሪ ሰዓት። ይህ ግን ለጠንካራ ሰው ነው። ለጀማሪዎች ብዙ ጨምሩበት።

ነጎድጓድ ከተሰማ ከውሃ መውጣት ነው። የመጨረሻው ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ መመለስ የለም።

ዘሎ መግባት

የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ይይዛል፣ አዳኙንም ጭምር። መጀመሪያ እንጨት ወይም መቅዘፊያ ዘርጉለት። ካልደረሰ የሚንሳፈፍ ነገር ወይም ገመድ ወርውሩለት። መግባት የመጨረሻው አማራጭ ነው፣ እሱም ለሰለጠነ ሰው።

የፈራን ሰው መግፋት

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው። አንዲት ትልቅ ሴት በጀርባዋ መንሳፈፍ እያስተማርኳት፣ "አልለቅሽም" ብያት ነበር። ጥሩ ስትንሳፈፍ ሳይ፣ ለራሷ ትደነቅ ብዬ እጄን ቀስ አድርጌ አነሳሁ። ጥቂት ቆይታ አወቀች፣ ደነገጠች፣ ውሃ ዋጠች። ምንም አልተናገረችኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ቀረች፣ ከዚያም አልመጣችም። መንሳፈፍ ችላ ነበር እኮ። ያጣችው በእኔ ላይ የነበራትን እምነት ነው።

አሁን መዳፌን ከጀርባቸው ሥር አደርግና "ልቀቀኝ እስክትሉኝ አልለቅም" እላለሁ። አንዳንዱ በመጀመሪያው ቀን ይለኛል። አንዳንዱ አራት ሳምንት ይፈጅበታል። እጄ እዚያው ይቆያል።