ወደ ዲዝኒ ለምትሄዱ የደብረ ብርሃን ቤተሰቦች

ከደብረ ብርሃንም ሆነ ከደብረ ሲና ልጆቻችሁን ለመጠየቅ ወደ ፍሎሪዳ የምትሄዱ ወላጆች፣ ዲዝኒ የተባለውን ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ሳታዩ አትሸኙም። የልጅ ልጆቻችሁ በቅድሚያ የሚጎትቷችሁ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደተከፈተውና የሌላ ፕላኔት የገበያ ከተማ መስሎ ወደተሠራው የስታር ዎርስ ፊልሞች ሰፈር ነው።

ከቤት ሳትወጡ የልጁን ቁመት ለኩ። በሰፈሩ ካሉት ሁለት ትልልቅ መጫወቻዎች አንዱ ከ97፣ ሌላው ከ102 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ አያሳፍርም። ረጅም ሰልፍ ቆሞ በሩ ላይ የተመለሰ ሕፃን ለቅሶው አንጀት ይበላል፤ እባካችሁ ይህን አትርሱ።

ጾም ቢሆንም አትጨነቁ። እዚያ የሚሸጠው ታዋቂው ሰማያዊ መጠጥ ስሙ «ወተት» ይሁን እንጂ ከኮኮናትና ከሩዝ የሚዘጋጅ ነው። ለማረጋገጥ ሻጩን መጠየቅ አይከፋም። ምግብ ይዞ መግባትም ይፈቀዳል፤ የመስታወት ዕቃና አልኮል ግን ክልክል ነው። ስለዚህ የገብስ ቆሎውንና ዳቦውን በፌስታል ቋጥሩ። ፈጣን ምግብ የሚሸጡት ቤቶች ውኃ በነጻ ይሰጣሉ፤ ሳታፍሩ ጠይቁ።

ከ2,800 ሜትር ከፍታ ብርድ ለወጣ ሰው የፍሎሪዳ የክረምት ወራት ሙቀት በጣም ከባድ ነው። በሩ ሲከፈት ግቡ፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፈልጋችሁ ዕረፉ። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለው ዝናብ ስለሚጥል ቀላል የዝናብ ልብስ ያዙ። ጋቢው ቤት ይቆይ።