ሚዛኑ አልወርድ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ ጫማ አውልቆ መመዘን እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል፤ እሱን እንለፈው። ይህን ሁሉ አድርገውም ቁጥሩ ግራ ለሚያጋባቸው ነው የሚከተለው።

«ወርጄ ስወጣ ሌላ ቁጥር ያሳየኛል»

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የወለሉ ነው። የመስታወት ዲጂታል ሚዛን በአራቱም እግሮቹ ላይ ሴንሰር አለው፤ አንዱ ወለሉን በደንብ ካልረገጠ ድምሩ ይዛባል። ለገጣፎም ሆነ ቱሉ ዲምቱ፣ ሳሎኑ ፕላስቲክ ምንጣፍ ለብሶ ከሥሩ ያለው ሊሾ ወጣ ገባ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። ምንጣፉን ገልጣችሁ ደልዳላ ቦታ ፈልጉ። የሚዛኑን ማዕዘኖች በየተራ በጣት ተጫኑ፤ ካወላወለ ቦታ ለውጡ። ካርቶን መወተፍ ቀልድ ነው፤ ካርቶኑ ይረገጥና በሳምንቱ ሌላ ቁጥር ይመጣል። ቦታው ሲገኝ እግሮቹ ያረፉበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሚዛኑ ከቦታው ከተነሳ ደግሞ አንዴ በእግር ጫን አድርጋችሁ ልቀቁትና 0.0 እስኪል ጠብቁ፤ ከዚያ ውጡበት።

አሁንም ከዋዠቀ ባትሪው ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ሲአር 2032 በምትባለው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ነው። አሮጌዋን ልጅ የሚደርስበት ቦታ እንዳትጥሉ። የተዋጠች ባትሪ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች፤ ተዋጠች ተብሎ ከተጠረጠረ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

«ሁልጊዜ ያንኑ ቁጥር ነው የሚለኝ»

አንዳንድ ርካሽ ሚዛን አዲሱ ክብደት ለቀድሞው ከቀረበ የቀድሞውን ደግሞ ያሳያል፤ ትክክለኛ ለመምሰል የተሠራ ብልጠት ነው። መጀመሪያ ጀሪካን ይዛችሁ ተመዘኑ፤ ከዚያ ያለ ጀሪካን። እውነቱን ለመናገር ይገደዳል።

ሚዛኑን ራሱን ለመፈተንም ጀሪካኑ ይበቃል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን የሌለው ቤት የለም። ባዶውን ይዛችሁ ተመዘኑና ጻፉ። ከዚያ በባለ 2 ሊትር የውሃ ጠርሙስ አምስት ጊዜ ለክታችሁ ጨምሩበት፤ ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ፋብሪካው እስከሞላበት ድረስ ብቻ። ልዩነቱ 10 ኪሎ መሆን አለበት። 200 ግራም ቢዛነፍ ግድ የለም፤ 1 ኪሎ ካፈነገጠ ሚዛኑን ጣሉት። ወገቡን የሚያመው ሰውና ነፍሰ ጡር ጀሪካን አያንሱ።

«ቅዳሜ ቀንሼ ነበር፣ ሰኞ ጨመርኩ»

ከሁሉ በላይ የሚመጣው ቅሬታ ይሄ ነው፤ ሚዛኑም ንጹሕ ነው፣ ሰውየውም አልወፈረም።

ዓርብ የሚጾም ሰው እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ይቆያል፤ ከዚያም ሽሮ ወይም ምስር ቀማምሶ ይተኛል። ቅዳሜ ጠዋት ሆዱ ባዶ ነው፤ የሳምንቱ ትንሹ ቁጥር ይወጣል። ቅዳሜና እሑድ ጥብስ፣ ክትፎ፣ ቢራ፣ የዘመድ ቤት ድግስ። ጨው ውሃ ይይዛል። ከእንጀራው የመጣው ስኳር በጡንቻና በጉበት ሲከማች እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ አብሮት ይገባል። ያልወጣውም ምግብ ገና አንጀት ውስጥ ነው። ሰኞ ጠዋት ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ይመዘናል።

በቁጥር እንየው። ቅዳሜ 78.2፣ ሰኞ 79.9፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ 77.8 ቢሆን፣ በሳምንቱ የቀነሰው 400 ግራም ነው፤ ጥሩ ነው። ሰኞን ከቅዳሜ ያነጻጸረ ግን «1.7 ኪሎ ጨመርኩ» ብሎ እራቱን ይተዋል። 1 ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው፤ በሁለት ቀን 1.7 ኪሎ ስብ ለማከማቸት ለሰውነቱ ከሚያስፈልገው በላይ 13,000 ካሎሪ መብላት ነበረበት። በሁለት ቀን ማን ይችለዋል?

የዚህ ታላቅ ወንድም የፋሲካ ማግስት ነው። 55 ቀን ጾሞ የቀነሰ ሰው ዶሮውን በልቶ ሰኞ ሚዛን ላይ ይወጣና ሁለትና ሦስት ኪሎ ጨምሮ ያገኘዋል፤ «ድካሜ ሁሉ ውሃ በላው» ይላል። የበላው ውሃ ሳይሆን የያዘው ውሃ ነው። ወደ ወትሮው አመጋገብ ተመለሱና ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አትፍረዱ። በጾሙ ውስጥ የጨመራችሁ ካላችሁ ግን ዘይቱን ጠርጥሩ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፣ ሳንቡሳና ፓስቲ ደግሞ ጾም ናቸው። በረመዳን ለምትመዘኑ፣ አንድ ቀን ከኢፍጣር በፊት፣ ሌላ ቀን ከስሁር በኋላ አይሁን።

መፍትሄው፦ በየቀኑ ተመዝናችሁ ጻፉ፤ የሰባቱን ቀን ደምራችሁ ለሰባት አካፍሉ፤ አማካዩን ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ብቻ አነጻጽሩ። በየቀኑ የማይሆንላችሁ ቅዳሜን ከቅዳሜ። ሴቶች ከወር አበባ በፊት ውሃ ስለሚይዙ፣ ያንን ሳምንት ካለፈው ወር ከዚያው ሳምንት ጋር ያስተያዩ። አራት ሳምንት ሳይሞላ «ቆመብኝ» አይባልም።

«ታክሲ መቆሚያው ላይ ያለው ሚዛን ሌላ ይላል»

ልጁን አትውቀሱ። ከምሳ በኋላ፣ በሱሉልታ ብርድ ጃኬት ለብሳችሁ፣ ጫማና ስልክ ይዛችሁ ነው የወጣችሁበት።

«ሚዛኑ ቆሟል፣ ልብሱ ግን ሰፍቶኛል»

ሩጫ ወይም ብረት ማንሳት የጀመረ ሰው ጡንቻው ሲያመው ውሃ ይይዛል፤ ስቡ እየወረደ ሚዛኑ ይቆማል። ወገባችሁን ለኩ። በልብስ ሰፊ ሜትር፣ ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ አየሩን ቀስ ብላችሁ አውጥታችሁ፣ ቆዳ ሳይጨመቅ፣ ከኋላ ሳይወርድ። እንብርት ምልክት አይሆንም፤ ቦርጭ ሲቀንስ ቦታውን ይለውጣል። ሜትሩ የጨርቅ ከሆነና ዓመታት ካገለገለ ተለጥጦ ይሆናል፤ ከብረት ሜትር ጋር አስተያዩት። በቀበቶ ቀዳዳ አትተማመኑ፤ ቆዳም ይለጠጣል።

«የስብ መቶኛው በአንድ ሌሊት ተቀየረ»

ሚዛኑ የሚለካው ስብ አይደለም፤ በእግር በኩል ደካማ ኤሌክትሪክ ልኮ ይገምታል። ውሃ ጥም፣ የደረቀ እግር፣ ላብ ሁሉ ይቀይረዋል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ይህን ዓይነት ሚዛን ከነጭራሹ አይጠቀም።

ቁጥሩ በድንገት ከእጥፍ በላይ ከሆነ፣ 70 የነበረው 154 ካለ፣ ከሥሩ ያለችው ቁልፍ ወደ ፓውንድ ተቀይራለች።

ሳትሞክሩ በስድስት ወር ውስጥ ከክብደታችሁ 5 በመቶ ከወረደ፣ ወይም ክብደት ሲጨምር እግር አብጦ ጣት ሲጫነው ከጎደጎደ፣ ሚዛን አትፈትሹ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።