የቤት ቆሻሻ እንዴት ይቀነሳል? ገበያ ሳትወጡ ከባልዲው ጀምሩ

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ተነስቼ «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ቤት ብዙ ቆሻሻ አይወጣም» አልኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ምን ይመስላችኋል? ገበያ ወጣሁ። ስድስት የጨርቅ ቦርሳ፣ አንድ ደርዘን ክዳን ያለው የመስታወት ዕቃ፣ ከቀርከሃ የተሠራ የጥርስ ብሩሽ ገዝቼ መጣሁ። ዕቃዎቹ የታሸጉበት ካርቶንና ፕላስቲክ ብቻውን የቆሻሻ ባልዲውን ሞላው። ቆሻሻ ልቀንስ ወጥቼ ቆሻሻ ተሸክሜ ገባሁ።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ምንም ግዙ አይልም። በቤታችሁ ባለው ነገር ነው የምንጀምረው።

1. ባልዲውን አንድ ሳምንት ታዘቡት

ከቆሻሻ ባልዲው በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉ፤ እርሳስም በክር አንጠልጥሉ። ወረቀቱን አራት ቦታ ክፈሉት፦ ምግብ፣ ፕላስቲክ፣ ወረቀትና ካርቶን፣ ሌላ። አንድ ነገር በጣላችሁ ቁጥር በቦታው አንድ ጭረት አድርጉ። በዚህ ሳምንት ምንም ዓይነት ፀባይ አትቀይሩ። እንደወትሮው ኑሩ።

ሳምንቱ ሲያልቅ መዝኑት። የሰው ሚዛን ካላችሁ ይበቃል፤ ቆሻሻውን ይዛችሁ ውጡበት፣ ከዚያ አስቀምጡትና ብቻችሁን ውጡ፣ ልዩነቱን ጻፉ። ሚዛን ከሌለ ስንት ፌስታል እንደወጣ ቁጠሩ። ቁጥሩን የማትጥሉት ቦታ ጻፉት፤ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

እኔ ፕላስቲክ ይበዛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። በሚዛን ግን ከግማሽ በላይ የሆነው ምግብ ነው። ያሳፈረኝ ደግሞ ልጣጩ አልነበረም። ግማሹ የተነካ ዳቦ፣ ከነፌስታሉ የጠወለገ ቅጠል፣ «ነገ እበላዋለሁ» ተብሎ አራት ቀን ያደረ ትራፊ ነበር።

እኔ ብቻ አይደለሁም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ምግብ ተጥሏል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የወጣው ከመኖሪያ ቤት ነው። ከሱቅም ከሆቴልም በላይ የምንጥለው እኛው ነን ማለት ነው። የተጣለው ምግብ ቆሻሻ ክምር ሥር ተቀብሮ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ሚቴን በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 ጊዜ ያህል የበለጠ ሙቀት ያምቃል። ከፕላስቲኩ በፊት ምግቡን የማነሳው ለዚህ ነው።

2. ፍሪጁን እንደገና አደራጁት

ይሄ ክፍል ይረዝማል፤ ምክንያቱም ትልቁ ለውጥ የሚመጣው እዚህ ነው።

በዓይናችሁ ትክክል ያለውን መደርደሪያ ባዶ አድርጉት። ይህ ቦታ «ቀድሞ የሚበላ» ይባል። ትራፊ፣ የተከፈተ ነገር፣ በጣም የበሰለ ፍሬ እዚህ ይቀመጣል። የራበው ሰው ፍሪጅ ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየውን ነው የሚያነሳው። እኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትራፊውን ከኋላ፣ አዲሱን ከፊት እናደርጋለን። ገልብጡት። አዲስ ነገር ስታስገቡ አሮጌውን ወደፊት ሳቡት።

የፍሪጁ ውስጥ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። በሩ ላይ ያለው መደርደሪያ በተከፈተ ቁጥር ስለሚሞቅ ወተት እዚያ አታስቀምጡ፤ ወደ ውስጥ አስገቡት። የበሰለ ምግብ ደግሞ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይቆይ ይግባ።

ቅጠላ ቅጠልን የሚያበሰብሰው እርጥበት ነው። ካጠባችሁት በደንብ አድርቁት፣ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሉትና ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ክተቱት። ጨርቁ የሚወጣውን ውኃ ይመጥጣል። በሁለተኛው ቀን ጠውልጎ የማገኘው ቅጠል በዚህ መንገድ ሳምንት ሲቆይልኝ አይቻለሁ።

ሙዝ፣ ፖምና የበሰለ ቲማቲም ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ጋዙ አጠገባቸው ያለውን ሁሉ ቶሎ ያበስለዋል፤ ቅጠሉን ደግሞ ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ለብቻቸው ይቀመጡ። (ያልበሰለ አቮካዶ ካለ ግን ከሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልሉት፤ ያው ጋዝ እዚህ ጋ ይጠቅማል።) ድንች ጨለማና ነፋሻ ቦታ ይፈልጋል። ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመርራል። ከሽንኩርት ጋርም አታጎራብቱት።

ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም። ውጭ ከሚቆየው ይልቅ ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ ይደርቃል። በሁለት ቀን የማትጨርሱት ከሆነ ቆራርጣችሁ ማቀዝቀዣው፣ በረዶ የሚሠራው ክፍል ውስጥ አስገቡት፤ የምትበሉትን ያህል ብቻ እያወጣችሁ አሙቁ።

ከመግዛታችሁ በፊት የፍሪጁን ውስጥ በስልክ ፎቶ አንሱ። ዝርዝር ጻፉ ቢባል ማንም አይጽፍም፤ እኔም አልጽፍም። ፎቶ ግን አንድ ሰከንድ ነው። ቤት ሦስት ማሰሮ እርጎ እያለ አራተኛ ከመግዛት ያድናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ማሸጊያ ላይ «እስከዚህ ቀን ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ስለ ጣዕምና ጥራት ነው፤ ቀኑ ስላለፈ ብቻ ምግቡ መርዝ አይሆንም። «ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ» የሚለው ግን ስለ ጤና ነው፤ እሱን አክብሩት።

3. ልጣጩን ወደ አፈር መልሱት

አንድ አሮጌ ባልዲ ፈልጉ። ታቹንና ጎኑን በጋለ ሚስማር ብሱት፤ አየር ይግባ፣ ውኃ ይውጣ። ከሥሩ የተቀዳደደ ካርቶን ወይም ደረቅ ቅጠል አንጥፉ። ልጣጭ፣ የቡና አተላና የእንቁላል ቅርፊት ስትጨምሩ በላዩ ሁለት እጥፍ ያህል ደረቅ ነገር ጨምሩ። በሳምንት አንዴ በእንጨት ገልብጡት። ሥጋ፣ አጥንት፣ ወተትና ዘይት አይገባበትም፤ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል።

እርጥበቱን በእጅ ነው የምትለኩት። አንድ እፍኝ አንሱና ጨብጡ። ጣት መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ብቅ ካለ ልክ ነው። ከፈሰሰ ረጥቧል፣ ካርቶን ጨምሩ። ከተበተነ ደርቋል፣ ውኃ እርጩበት።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከሽፏል። ልጣጩን ብቻ ሞልቼ፣ ክዳኑን ግጥም አድርጌ ዘጋሁት። በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤት በር አንኳኳና በትህትና «አይጥ ሞቶባችሁ እንዳይሆን» አለ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ አየር ያጣ ብስባሽ ይሸታል። ካርቶን ቀዳድጄ ጨመርኩ፣ ገለበጥኩት፣ በጥቂት ቀን ሽታው ጠፋ። ከወራት በኋላ ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ ዝናብ ያገኘው አፈር የሚሸት ነገር አገኘሁ። ለአበባም ለጎመንም ይሆናል።

4. እጅ የለመደውን ነው የሚያነሳው

ልማድ የሚቀየረው በቁጣ ሳይሆን በቦታ ነው። ይሄን የተማርኩት በሶፍት ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ትንሽ ነገር በፈሰሰ ቁጥር ሶፍት እንመዝዛለን። አንድ ያረጀ ቲሸርት ወሰድኩና ስፌቱን ተከትዬ ቆረጥኩት፤ የሁለት መዳፍ ስፋት ያላቸው አሥር ጨርቆች ወጡት። ሶፍቱ የነበረበት ቦታ ላይ ጨርቆቹን አስቀመጥኩ። ሶፍቱን የላይኛው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። አልከለከልኩም፤ ወንበር ላይ መውጣት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ማንም አልወጣም።

የገበያ ቦርሳም እንደዚያው ነው። መሳቢያ ውስጥ ታጥፎ ያለ ቦርሳ እንደሌለ ይቆጠራል። የበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥሉት፤ ሲወጡ ይነካችኋል። ግን አዲስ አትግዙ። የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2018 ባወጣው ጥናት አንድ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ላይ ካለው ጫና አንጻር ብቻ ሲታይ እንኳ ከፕላስቲክ ቦርሳ የሚሻለው ቢያንስ 52 ጊዜ ሲመላለስ ነው። ያላችሁን ፌስታል ደጋግሞ መጠቀም አዲስ የጥጥ ቦርሳ ከመሰብሰብ ይሻላል።

5. የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ዛሬ ለኩት

ቧንቧው ሥር ባልዲ አስቀምጡና በስልክ አንድ ሰዓት ቆጥራችሁ የተጠራቀመውን ለኩ። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን ከ80 ሺህ በላይ ጠብታ ይጥላል፤ ይህም 20 ሊትር ያህል ነው። አንድ ጀሪካን በየቀኑ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የውስጧ ጎማ ማለቅ ነው፤ ዋናውን ውኃ ዘግቶ ጎማዋን መቀየር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

የሽንት ቤቱ ታንከር ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ያፈሳል። ታንከሩ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የምግብ ቀለም ጨምሩና ሳትለቁት 20 ደቂቃ ጠብቁ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ያፈሳል ማለት ነው። አትክልት በሚፈስ ውኃ ከማጠብ ሳፋ ውስጥ እጠቡ፤ ውኃውን ለአበባ አፍሱት።

6. መብራቱ ላይ ብዙ አልቆይም

ኤልኢዲ አምፖል ከድሮው ክር ካለው አምፖል ቢያንስ 75 በመቶ ያነሰ ኃይል ይፈጃል። አሮጌው ሲቃጠል ቀይሩት። ውኃ ስታፈሉ የምትጠጡትን ያህል ብቻ አፍሉ። ድስት ክዳኑ ይደፋበት። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ካላችሁ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ፤ ማሽኑ ከሚፈጀው ኃይል አብዛኛው የሚሄደው ውኃ ለማሞቅ ነው።

7. ከባልዲው የሚለዩት

የመጠጥ ቆርቆሮ የሚሰበስብ ሰው ካለ አትጣሉ። አሮጌ አልሙኒየም አቅልጦ እንደገና መሥራት ከማዕድኑ አዲስ ከማውጣት 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል። ጠርሙስና ቆርቆሮ ከመስጠታችሁ በፊት ለቅለቅ አድርጉ። ቅባት የነካው ካርቶን ግን ንጹሁን ወረቀት ያበላሻል፤ ለዩት።

የባትሪ ድንጋይና አሮጌ የስልክ ባትሪ ከሌላ ቆሻሻ ጋር አይጣልም። የስልክ ባትሪ ሲጨፈለቅ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የሚቀበል ቦታ እስክታገኙ ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍናችሁ ደረቅ ቦታ አቆዩ። ያገለገለ ዘይትም ማጠቢያው ውስጥ አይደፋ። ረግቶ ቱቦ ይዘጋል፤ ይሄን ከልምድ ነው የምነግራችሁ።

ስንቱን በአንዴ?

አንድ ብቻ። እኔ ሰባቱንም በአንድ ሳምንት ልጭን ስል ቤተሰቡ «የቆሻሻ ፖሊስ» የሚል ስም አወጣልኝ፣ ፌስታል መደበቅም ተጀመረ። አሁን በወር አንድ ነገር ነው የምንጨምረው። የጭረቱ ወረቀት የትኛውን ማስቀደም እንዳለባችሁ ይነግራችኋል፤ ብዙ ጭረት ያለበት ይቅደም። በወሩ መጨረሻ እንደገና አንድ ሳምንት ጭረቱን ያዙ፣ ሚዛኑ ላይም ውጡና ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር አስተያዩት።

የገዛኋቸው ስድስት የጨርቅ ቦርሳዎችስ? ሁለቱ በር ላይ ተንጠልጥለው ይሠራሉ። አንደኛው ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኖ የቀሩትን ሦስቱን ይዞልኛል።