ቫኑዋቱ ሄዳችሁ ልታስተምሩ ከሆነ መጀመሪያ ቢስላማ ልመዱ

ገና ሥራ በጀመራችሁ ሰሞን አንድ ልጅ እያለቀሰ መጥቶ «ሄም ኢ ኪሊም ሚ» ይላችሁ ይሆናል። ለእንግሊዝኛ አዋቂ «ገደለኝ» ያለ ይመስላል። አትደንግጡ፣ የሞተ ሰው የለም። «ኪሊም» በቢስላማ፣ የአገሩ ሰው በሚግባባበት የጋራ ቋንቋ፣ መምታት ነው። ገደለው ለማለት «ኪሊም ኢ ዴድ» ይባላል። ቃሉ ከእንግሊዝኛ ነው የመጣው፣ ትርጉሙ ግን መንገድ ላይ ተቀይሯል። «እንግሊዝኛ ካወቅኩ ምን ያቅተኛል» ብሎ የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ እንዲህ ባለው ነገር ይደናቀፋል።

አገሪቱ ደቡብ ፓስፊክ ላይ የተበተኑ 80 የሚያህሉ ደሴቶች ናት። እ.ኤ.አ. እስከ 1980 ድረስ እንግሊዝና ፈረንሳይ በጋራ ይገዟት ስለነበር፣ ዛሬም ገሚሱ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ገሚሱ በፈረንሳይኛ ያስተምራል። በዚያ ላይ ከ100 በላይ የአገሬው ቋንቋዎች አሉ። አስቡት እንግዲህ፤ አንድ የገጠር ልጅ ቤቱ የመንደሩን ቋንቋ ያወራል፣ ከሌላ መንደር ልጆች ጋር ሲጫወት ቢስላማ፣ እናንተ ፊት ሲቀመጥ ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋ ይጠበቅበታል። ዝም ቢላችሁ ሰነፍ ነው አትበሉ። ደግሞም ዝም ያለ የመሰላችሁ ልጅ መልሶላችሁ ሊሆን ይችላል፤ ቅንድብን ብድግ ማድረግ እዚያ «አዎ» ማለት ነው። ይህን ሳታውቁ ጥያቄውን አራት ጊዜ ትደግሙታላችሁ፣ ልጁም አራት ጊዜ ቅንድቡን ያነሳላችኋል።

ቢስላማውን ከልጆቹ ተማሩ። አስተማሪያቸው ሲሳሳት ማየት ደስ ይላቸዋል፣ እናንተም ስትሳሳቱ ካዩ በእንግሊዝኛ መሳሳትን መፍራት ይተዋሉ። «ቡክ ብሎንግ ሚ» ማለት «የእኔ መጽሐፍ» ነው። ሰሌዳው ላይ ቢስላማውን በአንድ በኩል፣ እንግሊዝኛውን በሌላው ጽፋችሁ ልዩነቱን አሳዩአቸው፤ ብዙው የጽሑፍ ስህተታቸው የሚመጣው ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ አንድ ልምምድ ከቤታችሁ ይዛችሁት ከሄዳችሁት ቆንጆ የትምህርት እቅድ ይበልጣል።

እቅዱን አትጣሉት፣ ግን መብራትና ፎቶኮፒ አለ ብላችሁ አታውጡት። ጠመኔና ሰሌዳ ካለ ይበቃል በሉ። ክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል ድምፃችሁ አይሰማም፣ መጮህም ዋጋ የለውም። ለእንዲህ ያለው ሰዓት ልጆቹ በጽሑፍ ወይም በሥዕል የሚሠሩት ነገር ሁልጊዜ አዘጋጅታችሁ ያዙ።

ውሃን በተመለከተ፣ ብዙ ቦታ የሚጠጣው ከጣሪያ ወደ ታንከር የሚወርድ የዝናብ ውሃ ነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ ሲንፈቀፈቅ አፍሉት። ዝናብ ከጠፋ ታንከሩ ስለሚጎድል፣ ሌላው ሰው ሲቆጥብ እናንተ ሁለቴ እየታጠባችሁ ትዝብት ላይ እንዳትወድቁ።

ትንኟ ላይ አትዘናጉ። ወባ የምታስተላልፈው ማታ ነው የምትናከሰው፣ ስለዚህ አጎበር የግድ ነው። የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ግን ቀን፣ እናንተ ሰሌዳ ላይ እየጻፋችሁ ሳለ ትናከሳለች፤ የትንኝ መከላከያ ቅባቱን ጠዋት ተቀቡት። የወባ መከላከያ መድኃኒቱን ከመሄዳችሁ በፊት ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። ትኩሳት ከያዛችሁ ቶሎ ተመርመሩ፣ ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅም ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትውሰዱ፤ ደም ሊያፈስሱ ይችላሉ። ሌላው ሰው የሚንቀው ነገር ትንሽ ቁስል ነው። በእርጥቡ ሙቀት ውስጥ ባሕር ውስጥ ያለው ድንጋይ መሰል ኮራል ጭረት ወይም አክካችሁ ያቆሰላችሁት የትንኝ ንክሻ በቀላሉ ያመረቅዛል። ወዲያው በሳሙና ታጠቡት፣ ሸፍኑት፣ በየቀኑ እዩት።

ገንዘቡ ቫቱ ይባላል። ከዋና ከተማዋ ከፖርት ቪላና ከሁለተኛዋ ከተማ ከሉጋንቪል ርቃችሁ የምትመደቡ ከሆነ ኤቲኤም አገኛለሁ አትበሉ፤ ከተማ ሳላችሁ ዝርዝር ቫቱ አድርጋችሁ ያዙ። ገበያ ላይ ዋጋ መከራከር የተለመደ አይደለም፣ የተባላችሁትን ክፈሉ። ልብስ ላይ፣ በተለይ ሴቶች፣ መንደር ውስጥ ከጉልበት በታች የሚወርድ ልበሱ፤ ለዋናም ቢሆን ቁምጣና ቲሸርት ይሻላል።

ምግቡ ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ሙዝና ኮኮናት ነው። ላፕላፕ የሚሉት አለ፤ ከእነዚህ አንዱ ተፈቅፍቆ የኮኮናት ወተት ይጨመርበትና በቅጠል ተጠቅልሎ በጋለ ድንጋይ ይበስላል። ሰው ቤት ከቀረበላችሁ ብሉ። መጀመሪያ ቀን ከበዳችሁ እንኳን ትንሽ ቅመሱ።

ካቫ ላይ ግን ተረጋጉ። ከሥር የሚዘጋጅ መጠጥ ነው፣ አመሻሽ ላይ፣ ከራት በፊት፣ በኮኮናት ቅርፊት ተቀድቶ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል። ጣዕሙን ለማሞገስ አትድከሙ፣ ጭቃ ጭቃ ይላል። ምላስ ያደነዝዛል፣ እግርም ይይዛል። የሚጠጣበት ናካማል ጸጥ ያለ ቦታ ነው፤ ባትሪ ሰው ፊት ላይ አታብሩ፣ ድምፃችሁንም ዝቅ አድርጉ። እንደ ታና ባሉ ደሴቶች በባህሉ መሠረት ሴት ወደ ናካማል አትገባም፣ ስለዚህ ሳትጠይቁ ሰተት ብላችሁ አትግቡ።

ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ አውሎ ነፋስ አለ። መጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. የመጣው ፓም የተባለው አውሎ ነፋስ ብዙ ቤትና ማሳ ጠራርጎ ሄዷል። የደረሳችሁ ሰሞን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ መንደሩ የሚሸሸው የት ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለም አብራችሁ ጠይቁ። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ይኑራችሁ። ፓስፖርታችሁን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ አድርጉት፣ ያለ አውሎ ነፋስም ቢሆን ሻጋታው አይምረውም።

በመጨረሻ ስለ ሰዓት። መንገድ ላይ የምታገኙት ሰው ሁሉ «ዩ ጎ ዌያ?» ይላችኋል፣ የት እየሄዳችሁ ነው እንደማለት። ስለላ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። «ሚ ዎክባኦት ኖሞ»፣ ዝም ብዬ ዞር ዞር እያልኩ ነው፣ ካላችሁ በቂ ነው። ግን ቁጭ ብሎ ማውጋትን «ስቶሪያን» ይሉታል፣ እሱን በችኮላ እምቢ ማለት አያምርም። የተማሪዎቻችሁን ሁኔታ፣ ማን ለምን እንደቀረ፣ የማን አባት ከተማ እንደሄደ የምትሰሙትም እዚያው ነው። ከትምህርት ቤት እስከ ቤታችሁ አሥር ደቂቃ ከሆነ፣ አንድ ሰዓት ያዙለት።