የድድ በሽታ ጥርስን ሲያላላ፦ ምልክቱ፣ መነሻው፣ መፍትሔው

ባለፈው ክረምት ከቢቸና በኩል የመጡ አንድ አባት ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ «እንዳታጥበኝ ልጄ፤ ጎረቤቴ ታጥቦ ጥርሱ ረገፈ። የሚያጠነክር መርፌ ካለህ እሱን ውጋኝ» አሉኝ። አፋቸውን ሲከፍቱ አራቱ የታች የፊት ጥርሶች በምላስ በኩል በቢጫ ግግር እንደ ጭቃ ግድግዳ ተያይዘዋል። ጎጃም ውስጥ ጥርስ ሲነቃነቅ ሰው የሚያመጣውን አቤቱታ በራሱ አነጋገር ላስቀምጠውና መነሻውንና መፍትሔውን ልንገራችሁ።

«ጥርሴን ስፍቅ ይደማል፤ ግን አያመኝም»

አለማመሙ ነው ክፋቱ። ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚጠራቀመው ለስላሳ ቆሻሻ በቀናት ውስጥ ይጠጥርና ድንጋይ ይሆናል። ድንጋይ ከሆነ በኋላ የወይራ መፋቂያም ሆነ ቡርሽ አያነሳውም፤ በመሣሪያ መታጠብ አለበት። እዚህ ደረጃ ላይ ከተደረሰበት ድዱ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ደማ ብሎ መፋቅ መተው ግን ነገሩን ያብሳል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድዱ ብዙም ስለማይደማ «እኔ ደህና ነኝ» እንዳይል።

«ጥርሴ ረዘመ፣ መሃሉ ተከፈተ፣ ይወዛወዛል»

ጥርስ አላደገም፤ ድዱና አጥንቱ ሸሽቶ ነው። ምሰሶ ሥሩ ያለው አፈር በጎርፍ ሲታጠብ እንደሚላላው ማለት ነው። ሐኪሙ በቀጭን መለኪያ በጥርስና በድድ መካከል ያለውን ጥልቀት ይለካል። ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ጤነኛ ነው፤ 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው ገፍቷል። አጥንቱ ምን ያህል እንደቀረ ራጅ ያሳያል።

መፍትሔው በማደንዘዣ ከድድ በታች እስከ ሥሩ ድረስ ማጽዳት ነው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አያልቅም። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ እንደገና ይለካል። እብጠቱ ሲወርድ አንዳንዱ ጥርስ ራሱ ይጠነክራል። ጥልቀቱ ካልቀነሰ ድዱን ከፍቶ የማጽዳት ቀዶ ጥገና አለ፤ የአጥንቱ ጉድጓድ ቅርጽ ከፈቀደም አጥንት ይሞላል። በራሱ ግን የሄደ አጥንት አይመለስም። የላሉትን ጥርሶች ከጠንካሮቹ ጋር በቀጭን ሽቦና በጥርስ መሙያ ከጀርባ ማሰርም ይቻላል። ሳይጸዳ ከታሰረ ግን ምስጥ የሚበላውን ምሰሶ በገመድ ማሰር ነው።

«ካሳጠብኩ በኋላ ባሰብኝ»

የእኒያ አባት ፍርሃት ከዚህ የመጣ ነው፤ በዓይኑ ካየው የመጣ ስለሆነም አልስቅበትም። ድንጋዩ ጥርሱን ከጎረቤቱ ጋር አጣብቆ ይይዛል፤ ሲነሳ ቀድሞም የላላው ጥርስ መላላቱ ይታወቃል። ያበጠው ድድም ሲሟሽሽ ክፍተት ይታያል፣ ሥሩ ስለሚጋለጥ ቀዝቃዛ ውኃ ይነዝራል። ለስላሳ ቡርሽና ለንዝረት የተሠራ የጥርስ ሳሙና ያግዛል፤ አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይቀልለዋል። የወጣውን ግግር በጨርቅ ላይ አድርጌ ሳሳያቸው አገላብጠው አዩትና አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ። «ይሄ ነው ጥርሴን ይዞልኝ የኖረው?» አሉ።

«አንዱ ብቻ ነው የሚነቃነቀው»

ሌላው አፍ ደህና ከሆነ ምት፣ ሥሩ ላይ የቋጠረ መግል ወይም ሲሞላ መሙያው ከፍ ብሎ የቀረ ጥርስ ሊሆን ይችላል። መፍትሔውም ሌላ ነው፤ ይታይ።

«ድዴ አብጦ መግል ያወጣል»

መግሉ መውጣት፣ በጥርስና በድድ መካከል የተፈጠረው ኪስ መጽዳት አለበት። ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ለጊዜው ያስታግስ ይሆናል እንጂ ድንጋዩ እዚያው ስላለ ተመልሶ ያብጣል። ሜትሮኒዳዞል የታዘዘለት ሰው ጠላና አረቄ ይተው። አረቄ በአፍ ይዞ መቆየትም ድድ ያቃጥላል እንጂ አያድንም። እብጠቱ ወደ ፊትና አንገት ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካቃተ በዚያው ቀን ሆስፒታል። በየጊዜው የሚመላለስ ከሆነ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ማስለካት ግዴታ ነው፤ ስኳርና የድድ በሽታ አንዱ ሌላውን ያባብሳል።

«ይነቀል ወይስ ይቆይ?»

ወደ ጎን እስከ 1 ሚሊሜትር የሚነቃነቅ ጥርስ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ከዚያ ካለፈ እንደ አጥንቱ ይታያል። ወደ ታች ሲጫኑት የሚሰምጥ ከሆነ ግን መንቀል ይሻላል። ለተነቀለው ቦታ የሚወልቅ ጥርስ፣ ጎረቤት ጥርሶች ላይ የሚያርፍ ብሪጅ ወይም አጥንት ውስጥ የሚተከል ኢምፕላንት አለ። ብሪጅ ጠንካራ ጎረቤት፣ ኢምፕላንት በቂ አጥንት ይፈልጋል። በሽታው ሳይገታ ኢምፕላንት ማስተከል ገንዘብ መበተን ነው እላለሁ፤ የድድ በሽታ እሱንም ዙሪያውን ይበላዋል። ለገጠር ሰው በደንብ የተሠራ የሚወልቅ ጥርስ አያሳፍርም። ቀዶ ጥገናውም ኢምፕላንቱም በየወረዳው ስለማይገኝ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል።

በሽታው አንዴ ከገፋ በየሦስት ወሩ መታየት የሕክምናው ክፍል ነው። መፋቂያ የሚወድ ሰው ጫፉን አኝኮ ያለስልስ፤ በምላስ በኩል ያለውንና የጥርሶቹን መሃል ግን መፋቂያው በደንብ ስለማይደርስበት ለመሃሉ ትንሽዬ ቡርሽ ያስፈልገዋል።

የቢቸናው አባት ከሁለት ወር በኋላ ሲመለሱ አንዱን ነቀልን፣ ሦስቱን አሰርን። ሲወጡ በር ላይ ቆመው «በቆሎ ጥብስስ?» አሉኝ። «ይብሉ፤ ግን ፈልፍለው፣ በመንጋጋዎ።»