ስለ ኦቶፋጂ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች፣ ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ እስከ መጨረሻው አንብቡት

እዚህ ሀዋሳ "ብትራቡ ኦቶፋጂ ይጀምራል፣ ሰውነት ራሱን ያድሳል" የሚለው ወሬ ከጂም ወጣቶች አልፎ ጡረታ የወጡ አባቶች ጋር ሁሉ ደርሷል። ኦቶፋጂ የሚባል ነገር መኖሩ እውነት ነው፣ ሴሎቻችን ያረጀና የተበላሸ ክፍላቸውን ጠቅልለው ላይሶዞም የሚባለው የሴሉ መፍጫ ክፍል ጋ ይልኩታል፣ እዛ ይፈጭና የወጣው ጥሬ እቃ እንደገና ስራ ላይ ይውላል፣ እድሜ ሲገፋ ግን ይሄ ስራ ይደክማል፣ የተበላሸ ፕሮቲን ይከማቻል፣ ከፓርኪንሰንና ከመርሳት በሽታ ጋር የሚያያዘውም በዚህ ነው።

"ሳይበሉ 16 ሰዓት ሲሞላ ይጀምራል" የሚለው የመጀመሪያው ስህተት ነው። ኦቶፋጂ ሁሌም በትንሹ እየሰራ ነው፣ ስንራብ ይጨምራል እንጂ ከዜሮ አይነሳም፣ ስልክ ላይ ያለው የፆም አፕ ደግሞ ሰዓት ይቆጥራል እንጂ ሴላችሁን አያይም። ጃፓናዊው የኦቶፋጂ ተመራማሪ ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ያገኘውም እርሾ ላይ በሰራው ስራ ነው፣ ስለ ሰው ፆም አይደለም። ብዙው የረሃብ ጥናት አይጥ ላይ ነው፣ አይጥ አንድ ቀን ስትራብ የምትጎዳው ጉዳት ከኛ ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው ረሃብን ብቻ ማሰብ። እንቅስቃሴም ኦቶፋጂን እንደሚጨምር በአይጥ ታይቷል፣ ለአዛውንት ደግሞ ጡንቻ ስለሚጠብቅ ጥዋት ሐይቁ ዳር ፈጠን ብሎ መራመድ እራት ከመዝለል ይሻላል ባይ ነኝ።

ካንሰርን በረሃብ ማከም የሚባለው በጣም ያሳስበኛል። ጤነኛ ሴል ላይ ኦቶፋጂ ይጠብቃል፣ እጢው ከተፈጠረ በኋላ ግን የካንሰር ሴሉ ራሱ በችግር ጊዜ ለመትረፍ ይጠቀምበታል፣ ለዛም ነው ተመራማሪዎች ኦቶፋጂን የሚያግድ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባል መድሃኒት ሰጥተው ሊያስቆሙት የሚሞክሩት። ኪሞ ላይ ሆኖ እየከሳ ያለ ሰው ምግብ አትከልክሉት።

ከሁሉም የሚብሰው ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚውጥ ሰው በራሱ ፆም ሲጀምር ነው። መድሃኒቱ ምግብ መጣ አልመጣ ብሎ አይጠብቅም፣ ስኳሩን ያወርደዋል፣ ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይምታታል፣ ቤተሰብ ደግሞ "ፆም አድክሞት ነው ይተኛ" ይላል፣ እባካችሁ እንዲህ አትበሉ! ለሃይማኖት ፆምም ቢሆን ቀድማችሁ ሀኪሙን አናግሩ፣ የመድሃኒቱ መጠንና ሰዓት መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ምልክቱን ካያችሁና መዋጥ ከቻለ ወዲያው ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት፣ ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም ሳትጨምሩ በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ሆስፒታል አድርሱት።